ሾላ ምንጭን ያስወደደው ወሬ

አሌክሳንድሪያ የሚሰበሰቡት የሾላ ምንጭ ልጆች ለስብሰባቸው ውሃ ገዝተው አያውቁም። የሚጠጡት የሙደሲርን ውሸት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሾላ ምንጭ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ሲወረድ ከዋናው መንገድ ተገንጥላ የተቀመጠች የወሎ ከተማ ናት፤ ከተማ ካሏት። ከዚያ ተነስተው በአላህ ፈቃድና በዲቪ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያና ሲልቨር ስፕሪንግ የደረሱት ሰዎች አንድ ቅሬ አላቸው። ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ቅሬው ሰው ሲሞት ይቀብራል፣ ሲታመም ይጠይቃል፣ የሚሞትም የሚታመምም ሲጠፋ ደግሞ በወር አንድ እሁድ ተሰብስቦ ይጨቃጨቃል። ሙደሲር ለእያንዳንዱ ስብሰባ አንድ ወሬ ሳያመጣ ቀርቶ አያውቅም።

"እኔ የምሠራበት የመኪና ማቆሚያ ታችኛው ፎቅ አንዲት ካምሪ ገብታ፣ መውጫው ጠፍቷት ከርማ፣ ሁለት ትንንሽ ካምሪ ወልዳ ወጣች። ለልጆቿ ሒሳብ ልጠይቅ ወይስ በእናታቸው ቲኬት ልሸኛቸው ብዬ ጭንቅ ውስጥ ገባሁ" ያለው እሱ ነው። ለዚህ ተሳቀለት። በሚቀጥለው ወር "የአሌክሳንድሪያ አይጥ ሃላል ካልሆነ አትቀምስም፤ ጁምዓ ጁምዓ ሙፈሪሓት ሥጋ ቤት በር ላይ ሲሰለፉ አይቻለሁ" ሲል ግን ሙፈሪሓት ከወንበሯ ብድግ አለች።

"ኧረ ይኼ ሰው ሱቄን ሊያዘጋው ነው! ዳኙኝ!"

የቅሬው ሊቀመንበር ጋሽ አብዱልሐሚድ ጢማቸውን ዳሰስ አድርገው ፈረዱ። ሙደሲር ለሚዋሸው ውሸት ሁሉ፣ ለሚቀጥለው ስብሰባ ሁለት ካርቶን ውሃ ይዞ ይምጣ። ከዚያ ወዲህ ቅሬው ተጠምቶ አያውቅም። ሙደሲርም ቅጣቱን እንደ ሹመት ተቀበለው፤ ካርቶኑን ተሸክሞ ሲገባ "የዛሬው የዓሣ ነባሪዋ ውሸት ነው፣ ጠጡልኝ" እያለ ያድላል። አንድ ነገር ብቻ አያደርግም። በውሸቱ ላይ ወላሂ ብሎ አያውቅም። ማጋነን የምላስ ነው፣ መሐላ የአላህ ነው ይላል።

የማይቀልድበትም አንድ ሰው ነበረው፤ እህቱ ሰጂዳ። ሰጂዳ ሾላ ምንጭ ገበያ ዳር የሰው በረንዳ ተከራይታ ልብስ ትሰፋለች። የስፌት መኪናዋ የእናታቸው ናት፤ በእግር የምትረገጥ፣ ስትሽከረከር መንደሩን የምትቀሰቅስ አሮጌ መኪና። እናትና አባት ካለፉ፣ ታናሽ ወንድማቸው ያሲርም አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ፣ በዚያች ከተማ የእነ ሙደሲር የሚባል ነገር የቀረው በዚያች በረንዳ ነው። ሙደሲር ሾላ ምንጭ አለች ብሎ የሚያምነው ሰጂዳ እዚያ ስላለች ነው። ሰጂዳ ከሄደች ከተማዋም እሱ ከሚፈጥራቸው ወሬዎች እንደ አንዷ ትሆንበታለች።

ሚሊኒየሙ በተከበረበት ዓመት፣ ክረምት ሊገባ ሲል አንድ ጠዋት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከመኪና ማቆሚያው የቲኬት ዳስ ውስጥ ቁጭ ብሎ የስልክ ካርዱን ፋቀና ደወለላት።

"ሙዴ፣ ልሄድ ነው" አለችው፣ ሰላምታውም ሳያልቅ።

"የት?"

"ሰው የሄደበት። አዲስ አበባ።"

"እዚያ ምን አለሽና?"

"እዚህስ ምን አለኝ? የሚያሰፋ የለማ! የሙሽራውን ልብስ ከመርካቶ ያመጡታል፣ የተማሪውን ዩኒፎርም ከመርካቶ ያመጡታል። ትናንት አንዲት ሴት ምን ይዛ መጣች መሰለህ? ከመርካቶ የገዛችውን ቀሚስ አሳጥሪልኝ ብላ! እኔ እንግዲህ የመርካቶ ትርፍ ጨርቅ ቆራጭ ሆኜ ቀረሁ። ክር ሻጩ ሄደ። መኪና የሚጠግነው ሄደ። በምን ልስፋ፣ በጸጉሬ?"

"ያሲር ምን ይላል?"

"ምን ይላል፣ ነይ ነው የሚለው። እሱ የሚያድርበት ቤት ሰው በፈረቃ ነው የሚተኛው። አንዱ ሲነሳ አንዱ በሞቀው ፍራሽ ላይ ይጋደማል። ለአንቺ ሴት ስለሆንሽ ጥጉን በጆንያ እንጋርድልሻለን ብሎኛል። ክብር ነው መቼም።"

ሳቀች። ሙደሲር መሳቅ አቃተው።

ከደሞዙ እየቀነሰ ይልክላታል፤ እሱን አያስቀርም። ግን ሰጂዳ የጠፋባት ደንበኛ ነው፣ ደንበኛ ደግሞ በሐዋላ አይላክም።

"እስከ አረፋ ቆዪልኝ" አላት። "እስከ አረፋ አንድ ነገር ይሆናል።"

"ምን ይሆናል?"

"አንድ ነገር።"

"እሺ፣ ለአንተ ስል። አረፋ ካለፈ ግን ወላሂ አልቆይም" አለች። ካርዱም አለቀ።

ሙደሲር ጋሽ በፈቃዱ የሚባሉ ደንበኛ ነበሩት። ከአብዮቱ በኋላ አገር ለቀው፣ ኮሌጅ ፓርክ ባለው ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ሲያስተምሩ አርጅተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጠዋት ጠዋት ላይብረሪ ለመቀመጥ መኪናቸውን እሱ ጋ ያቆማሉ። ያን ቀን ቲኬታቸውን ሲያቀብሉት ያዛቸው።

"ጋሽ በፈቃዱ፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት። ለምንድነው ሁሉም ነገር አዲስ አበባ የሚሄደው?"

መነጽራቸውን አወለቁ። መነጽር ካወለቁ ነገሩ ረጅም ነው ማለት ነው፤ ከኋላ ያለ መኪና ጥሩምባውን ቢነፋም አይሰሙም።

"ሙደሲር፣ ገንዘብ ብቻውን ማደር የሚፈራ ፍጥረት ነው። ሌላ ገንዘብ አጠገቡ ካልተኛ እንቅልፍ አይወስደውም። ፋብሪካው እዚያ የሚተከለው ሌላ ፋብሪካ እዚያ ስላለ ነው። ባንኩ እዚያ፣ መብራቱ እዚያ፣ የሚፈርመው ሹም እዚያ። ገዢው ወደዚያ ሲሄድ ሻጩ ይከተለዋል፣ ሻጩን ሠራተኛው ይከተለዋል። ከተማዋ ትወፍራለች፣ ዙሪያዋ ይከሳል።"

"ታዲያ የተከተለውም ሄዶ ይወፍር እንጂ!"

"እሱ ላይ ነው ነገሩ። ከተማ ሁሉን ታስገባለች፣ በአንድ በር ግን አታስገባም። አንዱን በሊፍት ታወጣዋለች፣ ሌላውን የሊፍቱን ጉድጓድ ታስቆፍረዋለች። ሁለቱም አዲስ አበባ ገባሁ ብለው ለአገር ቤት ይደውላሉ።"

"ምን ይሻላል ታዲያ?"

"ጽፌበታለሁ።"

"ጽፈውስ?"

"ታተመ።"

"ታተመና?"

ጋሽ በፈቃዱ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። "በቃ፣ ታተመ" አሉና ነዱ።

ሙደሲር ቀኑን ሙሉ የመኪና በር እየከፈተና እየዘጋ ያሰበው ይህንን ነው። እሱ ራሱ ሲልቨር ስፕሪንግ የገባው ለምን ነበር? ሰው ስላለ። ሰዎቹስ ለምን መጡ? ሰው ስላለ። የመጀመሪያው ሰውዬ ለምን እንደመጣ የሚያውቅ የለም፤ ምናልባት መንገድ ተሳስቶ ይሆናል። እንዲህ ከሆነማ፣ አለ በልቡ፣ ገንዘብ ሌላ ገንዘብ አለ ወደተባለበት ከሄደ፣ መኖሩ ነው ወይስ መባሉ ነው የሚያስኬደው?

መባሉ ከሆነ የሱ ሥራ ነው።

የቅሬው ሰው ሁሉ ያጠራቀመውን አዲስ አበባ አፍስሶ ኮንዶሚኒየም ይጠብቃል፤ ለሾላ ምንጭ የመስጊዱን ቀለም ካሳደሰ ወዲህ የላከው የለም። ሙደሲር በማግስቱ አሌክሳንድሪያ ሙፈሪሓት ሥጋ ቤት ሄደ። ወሬ እንዲዳረስለት የሚፈልግ ሰው ለብዙ ሰው አያወራም፤ ለአንድ ሰው ነግሮ ለማንም እንዳትነግሪ ይላል። ሙደሲር ትምህርቱን ስድስተኛ ክፍል ላይ ቢያቆምም ይህቺን ትምህርት ጨርሷታል።

"ዛሬስ የትኛዋ መኪና ወለደች?" አለችው ሙፈሪሓት፣ ቢላዋዋን እየሳለች።

"የጥብስ ስጪኝ" አለ ብቻ።

ቀና ብላ አየችው። "ምን ሆነሃል?"

"ምንም።"

"ታመሃል?"

"ደህና ነኝ። አጥንቱን ቀንሺው።"

ሙደሲር ዝም ካለ ወይ ሰው ሞቷል ወይ ነገር አለ። ሙፈሪሓት ቢላዋውን አስቀመጠች። "ተናገር።"

"ለማንም አትናገሪ።"

"ለማን እናገራለሁ!"

ወደ በሩ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሁለት ፈረንጆች ናቸው። እኔ ጋ ነው መኪና የሚያቆሙት። ትናንት ኮፈኑ ላይ ካርታ ዘርግተው ሲነጋገሩ አንዱ ጣቱን የት ላይ እንዳሳረፈ ታውቂያለሽ? ሾላ ምንጭ ላይ።"

"ሾላ ምንጭ ካርታ ላይ አለች እንዴ?"

"እኔንም የገረመኝ እሱ ነው።"

"ወላሂ በል!"

ሙደሲር ሥጋውን አንጠልጥሎ ተነሳ። "ተይው። አልነገርኩሽም፣ አልሰማሽም።"

ይኼ ጨረሳት። ቢምል ኖሮ ትጠረጥረው ነበር።

ወሬ እግር አለው ይላሉ፤ ይሄኛው ጎማ ነበረው። በታክሲ ነው የሄደው። ከአሌክሳንድሪያ ሲነሳ ካርታ ነበር፣ ፌርፋክስ ሲደርስ የቆዳ ፋብሪካ ሆነ፣ ጌይተርስበርግ ያሉት ደግሞ የባቡር መስመር ቀጠሉበት። በሳምንቱ አንድ ባለታክሲ ከዳሱ መስኮት ላይ አንገቱን አስገብቶ ለራሱ ለሙደሲር ነገረው።

"አንተ የዚያ አገር ልጅ ሆነህ አልሰማህም? አውሮፕላን ማረፊያ ሊሠራ ነው እኮ! የጭነት! ግመል ሳይቀር በአውሮፕላን ሊጫን ነው አሉ።"

"እውነትህን ነው?" አለ ሙደሲር። ለአንድ አፍታ ልቡ ደስ ብሎት ነበር። ከዚያ የማን ወሬ እንደሆነ ትዝ አለው።

በሚቀጥለው እሁድ ስብሰባ ላይ ጋሽ አብዱልሐሚድ ዱዓቸውን ጨርሰው አዩት። "ሙደሲር፣ አንድ ወሬ ይነፍሳል። ካንተ ወጣ ይላሉ። ውሸት ከሆነ ንገረንና ውሃህን እንፍረድብህ።"

"እኔ ምንም አላልኩም ጋሽ አብዱልሐሚድ።"

"ምንም አላልክም?"

"ምንም።"

ሙደሲር አላልኩም ብሎ የካደው ወሬ ኖሮ አያውቅም፤ ካርቶን ሙሉ ውሃ እየተሸከመም ካምሪዋ ወልዳለች ብሎ የሚሟገት ሰው ነው። ያን ቀን ውሃ አልተፈረደበትም። ውሃ ያልተፈረደበት ወሬ ደግሞ በዚያ ቅሬ ታሪክ የመጀመሪያው ነበር፤ ሰዉ እርስ በርሱ ተያየና ስብሰባው ከወትሮው ቶሎ ተበተነ። ሁሉም የሚቸኩልበት ነገር ነበረው። አገር ቤት ላለ ዘመድ ውክልና መላክ።

ክረምቱ ሳይወጣ ሰጂዳ ራሷ ደወለች። የምትደውለው ለሞት ብቻ ስለሆነ ሙደሲር ማን ሞተ እያለ አነሳው።

"ሙዴ! ከተማው ተነሳ! ላንድክሩዘር የማይገባበት ቀን የለም። በሜትር ይለካሉ፣ ችካል ይመታሉ፣ ሻይ ቤቱ ውስጥ መቀመጫ የለም። የሻይ ቤቱን መጋረጃ እኔ ነኝ የሰፋሁት! የደላሎቹን ሱሪ የማሳጥረው እኔ ነኝ። ክር ሻጩ ተመለሰ፣ ታምናለህ? ፋብሪካ ሊመጣ ነው አሉ።"

"አሉ?"

"አዎና! አሜሪካ ያሉ ሰዎች በካርታ አይተውታል አሉ። አንድ ነገር ይሆናል ብለኸኝ ነበርኮ። ምን አይነት አፍ ነው ያለህ!"

ሙደሲር ያን ቀን ለሚገባው መኪና ሁሉ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሰጠ። በዕድሜው አንዴ ውሸቱ እንጀራ ሆነ። ይህንን ለማን እንደሚያወራው ግን ጨነቀው፤ ከወሬዎቹ ሁሉ የሚያምረው ለማንም የማይወራው ነበር። የወሬውን ዘር ለሰጡት ለጋሽ በፈቃዱ ሊነግር እየተንደረደረ ሳለ እሳቸው ቀደሙት።

"ሙደሲር፣ ሾላ ምንጭ ያንተ አገር አይደለችም? ለወንድሜ ልጅ ውክልና ልኬ መጣሁ። ጥግ ላይ ያለ ትንሽ ይዞታ ቢገኝ ብዬ።"

"እርስዎም?"

"ሁሉም እየሄደ ነው አሉኝ።"

"እርስዎ እኮ ነዎት ገንዘብ ዝም ብሎ ይከተላል ያሉኝ!"

ጋሽ በፈቃዱ መነጽራቸውን ሊያወልቁ ጀምረው ተዉት። "አዎ፣ ትክክል ብያለሁ" አሉ በቀስታ። "እኔም ገንዘብ ነው የላክሁት።"

በመስከረም የሰጂዳ ድምፅ ለሰስ ብሎ መጣ። ሥራ አለ፣ ነገር ግን ኪራዩ እንደ አረፋ ሰሞን በግ ዘሏል። ሽንኩርቱም፣ ጤፉም፣ የማገዶ እንጨቱም ላንድክሩዘር አይቶ ተወደደ። ሱሪ የሚያሳጥሩት ደላሎች እየቀነሱ ነው፤ ለክተው ጨርሰዋል። ሻይ ቤቱም የሠራተኞቹን ቁጥር መልሶ ቀንሷል። በጥቅምት ደግሞ ያልጠበቀው መጣ።

"ረድፉ በሙሉ ተሸጠ" አለችው። "የኔ በረንዳ ያለበት ረድፍ። እስከ አረፋ ልቀቁ ተብለናል። ይታጠራል።"

"ማን ነው የገዛው?"

"አሜሪካ ያለ ሰው ነው አሉ። ወኪሉ ስሙን አይናገርም። ምን ይደረግ፣ እድገት ነው እንግዲህ" አለች፤ እሱን ለማጽናናት። "አብሽር፣ አትዘን። ፋብሪካው ሲመጣ ሠራተኛ ይቀጥራል፣ ሠራተኛ ደግሞ ይለብሳል። እመለሳለሁ።"

ሙደሲር አፉን ከፈተ። ፋብሪካ የለም ሊላት ነው። በረንዳሽን የነጠቀሽ፣ ሽንኩርት ያስወደደብሽ እኔ ነኝ ሊላት ነው። አፉ ግን ለዚህ አልሠለጠነም። "አብሽሪ" አላት እሱም።

የገዛውን ሰው የነገረችው ሙፈሪሓት ናት። ሥጋ እየመዘነች ወደ በሩ ዞር ብላ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ለማንም አትናገር። ጋሽ አብዱልሐሚድ የገበያውን ረድፍ ጠቀለሉት። እኔ ምንጩ አጠገብ ነው የያዝኩት፣ እሳቸው ግን ቀደሙን።"

በኅዳሩ ስብሰባ ሙደሲር ከመኪናው ኋላ ሁለት ካርቶን ውሃ አወጣና ትከሻው ላይ ጭኖ አሌክሳንድሪያ አዳራሹ ውስጥ ገባ። መሐል ወለሉ ላይ አስቀመጠው። ሰዉ ሁሉ ዞረ።

"ማን ፈረደብህ?" አሉት ጋሽ አብዱልሐሚድ።

"ራሴ ነኝ የፈረድኩት።" ላቡን ጠረገ። "ስለ ሾላ ምንጭ የተወራው ውሸት ነው። ፈረንጅ የለም፣ ካርታ የለም። እህቴ ከተማው ሞተብኝ ስላለችኝ እኔ ፈጥሬ ለሙፈሪሓት ነገርኳት። ፋብሪካ የለም፣ ባቡር የለም። ወላሂ ውሸት ነው።"

ወላሂ ሲል ሰዉ ሁሉ ከወንበሩ ቀና አለ። ሙደሲር ሲምል ሰምቶ የሚያውቅ የለም። ሙፈሪሓት እጇን አጨበጨበች።

"አሁን ገባኝ! የመሬቱን ዋጋ ሊያስወርድ ነው!"

"ምን?"

"እኛ ደንግጠን ስንሸጥ በርካሽ ሊሰበስበው ነዋ! እኔ ደግሞ የዋህ መስሎኝ። አይጥ ተሰልፋ አየሁ ሲል የታገስነው ለዚህ ነው?"

"ሙፈሪሓት፣ እኔ በምን አቅሜ እገዛለሁ? የመኪና በር እየከፈትኩ?"

"ፈረንጆቹ ናቸው የላኩህ" አለ ከኋላ አንዱ። "መሬቱን ለነሱ ልታስለቅቅ። ስንት ቃል ገቡልህ?"

"ፈረንጅ የለም እያልኩ!"

"እሱማ የለም ነው የምትለው።"

ጋሽ አብዱልሐሚድ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኟቸው። ከወንበራቸው ተነስተው መጥተው ትከሻውን ያዙት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የሙደሲር እናት ሲሞቱ እዚህ ለቅሶ ያስቀመጡት፣ ለሰጂዳም የመጀመሪያዋን መቀስ የላኩላት እሳቸው ናቸው።

"ልጄ፣ ያንተን ውሸት እስከ ዛሬ የምናውቀው በአንድ ነገር ነው። ማንንም አይጠቅምም፣ አንተንም ጭምር። የዛሬው ግን ይጠቅምሃል። የእህትህ በረንዳ እኔ የገዛሁት ውስጥ እንዳለ ሰምቻለሁ። ላንተ ብዬ አዝኛለሁ። ግን ለእህትህ ብለህ በሐሰት አትማል፤ ለማልከው ሦስት ቀን ጹም፣ ካሳ ይሆንሃል።"

"በሐሰት አልማልኩም ጋሽ አብዱልሐሚድ! እሺ፣ አይመኑኝ። በረንዳዋን ብቻ ይተዉላት። አንዲት በረንዳ ናት።"

"ፋብሪካው ሲመጣ ሕንፃ አቆማለሁ። ምድር ቤት ላይ ሱቅ እሰጣታለሁ፣ ቃሌ ነው፣ ሁላችሁም ስሙኝ።"

"ፋብሪካው አይመጣም እኮ!"

"እሱን ለአላህ ተውለት" አሉ ጋሽ አብዱልሐሚድ። "አሁን ግን ካልታጠረ ሌላው ይገባበታል። የአዲስ አበባውን ቤቴን ሸጬ ነው የገባሁበት ልጄ። እኔስ ወዴት ልመለስ?"

ይህን ሲሉ ዓይናቸው ወደ ካርቶኖቹ ሄደና ፈጥኖ ተመለሰ። ያኔ ሙደሲር ገባው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ሾላ ምንጭ ላይ ገንዘቡን ያላፈሰሰ አልነበረም። ውሃውን መክፈት ማለት ወሬው ውሸት ነው ብሎ መፈረም ነው። ስብሰባው ቀጠለ፤ ስለ ቀብር ቦታ ተነጋገሩ፣ ስለ አረፋ ሰላት ተነጋገሩ፤ ሰዉ እየሳለ፣ ከንፈሩን እየላሰ። አንድ ሽማግሌ ረስተው እጃቸውን ወደ ካርቶኑ ሲሰዱ ባለቤታቸው መዳፋቸውን ቸብ አደረገችባቸው። ሁሉም ተጠምቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ሙደሲር ሁለቱን ካርቶን መልሶ ተሸከማቸው፤ ሲገባ ከነበሩት ይልቅ የከበዱ መሰሉት።

ከአረፋ በኋላ በአንድ ጠዋት፣ ከዳሱ ውስጥ፣ ስልኩ ጮኸ። ከጀርባ የስፌት መኪኖች ይንጫጫሉ፣ ብዙ ናቸው።

"ሙዴ፣ ደህና ገብቻለሁ" አለች ሰጂዳ። "ያሲር ሰላም ብሎሃል። ጥጉን ጋረዱልኝ፣ በጆንያ ሳይሆን በላስቲክ፤ ዝናብም አያስገባም። ሥራም አግኝቻለሁ፣ ልብስ የሚሰፋበት ቤት ነው፤ መኪናው የሰው ነው፣ በመብራት ነው የሚሠራው፣ እግሬ አርፏል። የምሰፋው ምን መሰለህ?"

"ምን?"

"ዩኒፎርም። አይሱዙ ላይ ተጭኖ ወዴት እንደሚሄድ ታውቃለህ? ወደ ኮምቦልቻ። የሾላ ምንጭን ልጆች ከዚህ ሆኜ እያለበስኳቸው ነው!" ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ወደ ሳል ዞረ። "የእናታችንን መኪና ለአጥሩ ዘበኛ በአደራ ሰጥቻለሁ። ረድፉ ፈርሶ በቆርቆሮ ታጥሯል፤ ውስጡ ሣር ነው። ሻይ ቤቱ ተዘጋ፣ ክር ሻጩም ከኔ ጋር በአንድ አውቶቡስ ነው የመጣው። ግን ፋብሪካው ሲመጣ ሁላችንም እንመለሳለን ተባብለናል። ሙዴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?"

"ጠይቂኝ።"

"ፈረንጆቹን አንተ ታውቃቸዋለህ አሉ። መኪናቸውን አንተ ጋ ነው የሚያቆሙት አሉ። ስታገኛቸው ጠይቅልኝ፣ መቼ ነው የሚመጡት?"

ሙደሲር እግሩ ሥር ያሉትን የውሃ ካርቶኖች አየ። ፕላስቲኩ አልተቀደደም።

"ሙዴ? ትሰማኛለህ?"

"እሰማሻለሁ።"

"ትጠይቅልኛለህ?"

"እጠይቅልሻለሁ።"

"ወላሂ በል።"

ከመስኮቱ ውጭ አንድ መኪና ቆሞ ይጠብቃል። ጥሩምባ ነፋ።

"ወላሂ" አለ ሙደሲር።

"አልሐምዱሊላህ" አለች ሰጂዳ። ድምፅዋ ውስጥ ያለው እፎይታ በዚያ ሁሉ የመኪና ጩኸት ውስጥ አልፎ ተሰማው። "በል ሥራ ላይ ነኝ፣ ይቆጡኛል" ብላ ዘጋችው።

ሙደሲር መስኮቱን ከፈተ። መኪናው ውስጥ ሁለት ፈረንጆች ነበሩ። ቲኬታቸውን ተቀበለ፣ ሒሳባቸውን ነገራቸው፣ ሲከፍሉትም አንገቱን አስግጎ የኋላ ወንበራቸውን አየ። የሕፃን ጫማና የታጠፈ ጃንጥላ ነበር። ካርታ የለም። የመውጫውን ማገጃ አንስቶ አሳለፋቸውና፣ የሚቀጥለውን መኪና ለማየት አንገቱን አወጣ።